በትርህ እኔ ጋ ነው

ውድ ሩቲሊዮ፣

ጥፋተኛው አንተ ነህ። ኮሮናም አይደለም፣ ዩኒቨርሲቲውም አይደለም፤ አንተ ነህ። በአፌ እንዳልነግርህ ስልክ አታነሳም። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ ያውም አንተ ጣሪያ ላይ ወጥተህ በስልክ ስትማር አጠገብህ ተቀምጬ ነውና መስመሩ ቢጣመም አትሳቅ።

ትምህርቱ በስልክ ሆኖ ከኦአሃካ ከተማ ወደ መንደራችን ስትመለስ ጉባኤው ቶፒል አድርጎ መረጠህ። ሊቀ መንበሩ ዶን ኦኔሲሞ፣ "ልጄ፣ አንተ ተማሪ ነህ። ዓመት ሙሉ መንደር መጠበቅ፣ መልእክት ማድረስ፣ ሰካራም መገላገል ትችላለህ ወይ?" ብሎ ጠየቀህ። ከተማ የሚማር እስኪጨርስ ይታለፋል፤ እምቢ ብትል ማንም አይቀየምህም ነበር። አንተ ግን ደረትህን ነፍተህ፣ "ክፍሌ ኪሴ ውስጥ ነው፤ የት እሄዳለሁ?" አልክ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ አጨበጨበ። የቶፒልነቱን በትር ተቀበልክ።

ከዚያ ዩኒቨርሲቲው ወደ ክፍል እንመለስ ወይስ እንዲሁ እንቀጥል ብሎ ተማሪዎቹን በስልክ አነጋገረ። ከታች በቆሎ እየፈለፈልኩ ሁሉንም ሰማሁ። ያቺ አብራህ የምትማረው የባሕር ጠረፏ ልጅ ማይራ፣ "እናቴን እያስታመምኩ መማር የቻልኩት በዚህ ስልክ ነው። ተመለሱ ካላችሁ አቋርጣለሁ" አለች። ሌላው ደግሞ፣ "እኔ መምህሩን መንገድ ላይ ባገኘው አላውቀውም! ሁለት ዓመት ሙሉ ያየሁት ግንባሩን ብቻ ነው" ብሎ አሳቃችሁ። አንተስ ምን አልክ? "እዚህ የማወራው ከግድግዳ ጋር ነው። ሰው ናፈቀኝ። እንመለስ።"

ግድግዳዋ ከታች ሆና ሰምታሃለች፣ ልጄ።

እንመለስ ያላችሁት አሸነፋችሁ። እኔ ወፍጮ ቤት ሳለሁ በትሩን በር ላይ አስደግፈህ አውቶቡስ ተሳፈርክ። ለዶን ኦኔሲሞ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምትክ ይፈልግልህ ነበር። አገልግሎቱን ጥሎ የሄደ ሰው ስሙ ከመንደሩ እንደሚፋቅ፣ የቤቱም ውኃ እንደሚቆረጥ ታውቃለህ፤ እዚሁ ነው ያደግከው።

ስለዚህ በትሩን እኔ አነሳሁት።

እዚህ ላይ ጠርተውኝ መጻፌን አቁሜ ወጥቼ ነበር፤ አሁን ተመለስኩ። የዶን ፊደንሲዮ በሬ የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ጥሶ ገብቶ ነው። ሜስካል መጠጥ ቤቱ በር ላይ የተሰበሰቡት ገና ሲያዩኝ፣ "ሽሹ! ፖሊሷ መጣች!" አሉ። አንዱማ፣ "እማማ ኤውፍራሲያ፣ እባክሽ እኔንም እሰሪኝ፤ እቤት ከማደር ይሻለኛል!" አለ። "አንተንማ እቤት ያሰረችህ ትበቃሃለች" አልኩት። ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ጉልበቴ ይነድ ነበር። አንተ ከሄድክ ወዲህ አርፌ መቀመጥ አቅቶኛል፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር እነሳለሁ። ይህንንም የምጽፈው ግማሽ ጎኔ በር ላይ ሆኖ ነው።

ክፍል መመለስ መፈለግህን አልጠላሁም። ወጣት ነህ፤ ጣሪያ ላይ ብቻህን ከስልክ ጋር ስትስቅ አይቻለሁ። ግን ሰው ፊት ለፊት ሲገናኝ ደግ ነው ብለህ ለጓደኞችህ የተናገርክለትን ነገር ለእኛ ለምን ነፈግከን? ፊት ለፊት ቆመህ "አልቻልኩም" ማለት ምን ነበረበት?

እሁድ እሁድ ጉባኤው ላይ ቶፒሎች በስም ይጠራሉ። "ሩቲሊዮ!" ሲባል እኔ ተነስቼ "አለሁ" እላለሁ፤ ዶን ኦኔሲሞም እንዳልሰማ አንገቱን ይደፋል። ትናንት ለብቻዬ ጠርቶ፣ "እማማ፣ እስከ መቼ?" አለኝ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ፣ "በራሴ ስም ጻፉኝ" አልኩት። ጻፈኝ። ቤቱ ውኃ አያጣም። የአንተ ስም ግን መዝገቡ ላይ አቤት የሚልለት አጥቶ ብቻውን ቀርቷል።

አውቶቡሱ ቅዳሜ ከሰዓት ይነሳል። መጥተህ ጉባኤው ፊት ይቅርታ ብትጠይቅ ሰዎቹ ጨካኞች አይደሉም፤ እኔም ባቄላ አበስልልሃለሁ። ባትመጣ ግን፣ ስምህ ሲጠራ ከእንግዲህ እኔ "አለሁ" አልልም።

አያትህ ኤውፍራሲያ