ስሙ የተፋቀው ደብተር

የኔ ጌታ፣

ጥለኸኝ ከሄድክ ስምንት ወር ሆነህ። ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። የጓሮውን ባሕር ዛፍ አስቆርጬ ጣሪያውን አሳድሻለሁ። ጃንሆይ በዚህ ያልፋሉ ተብሎ ከጦር ኃይሎች እስከ ቀራንዮ አጥሩ ሁሉ ኖራ ሲቀባ የኛንም ቀባሁት። እስካሁን ግን ያለፈ የለም።

ጓደኛህን ጌታቸውን መቼም አምኜው እንደማላውቅ ታውቃለህ። አብራችሁ ቅኔ ስለተማራችሁ ብቻ ቤቴን ቤቱ ያደረገ ሰው! በአርባህ ዕለት፣ ድንኳኑ እንኳ ሳይነቀል፣ ጠጋ ብሎ ያንን የዕብራይስጥ የቦታ ስሞች ፍቺ የጻፍክበትን ደብተር አውሺኝ አለኝ። ለምን ብለው አንገቱን ደፋ። በመንፈቅህም መጥቶ ያንኑ ጠየቀኝ። ይሄ ሰው አንድ ነገር አለው ብዬ ደብተሩን ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት።

ከዚያ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እያወጣሁ ቀስ እያልኩ አነበው ጀመር። ቤተልሔም የእንጀራ ቤት ማለት ነው ስትለኝ፣ ታዲያ ኑኃሚን ከነባሏ በረሃብ የተሰደደችው ከየትኛው የእንጀራ ቤት ነው ብዬ ያፋጠጥኩህ አለ። ያዕቆብ ድንጋይ ተንተርሶ ያደረበትን ቦታ ቤቴል፣ የእግዚአብሔር ቤት፣ ብሎ ሰየመው፤ ቀድሞ ግን ሎዛ ይባል ነበር ስትለኝ፣ የሎዛን ሰዎች ማን ጠየቃቸው ያልኩህም አለ። ጎልጎታና ቀራንዮ አንድ ናቸው፣ የራስ ቅል ስፍራ ማለት ነው ያልከኝ ጊዜማ፣ እንዲህ ያለ ስም ያለው ሰፈር ነው እንዴ ቤት የሠራህልኝ ብዬ ሳምንት ሙሉ አኩርፌህ ነበር። ለካ እየሳቅክ ሁሉንም ጽፈኸዋል።

ባለፈው ሳምንት መጨረሻው ገጽ ላይ ደረስኩ። እንደ ጥንት ጸሐፊዎች፣ የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን ብለህ ጽፈሃል። ከበላዩ የባለቤቱ ስም፣ ያንተ ስም፣ በምላጭ ተፍቋል። ደሜ ፈላ። ታመህ ሳለ ጌታቸው ሲመጣ እኔን ወደ ውጭ ትልከኝ ነበር፤ ከደብተሩ ጋር የተቀመጠ ሌላ ማን አለ? የራሱን ስም ሊጽፍበት ነው ብዬ ነጠላዬን ጣል አድርጌ፣ ደብተሩን ይዤ ቤቱ ሄድኩና በሚስቱ ፊት ሌባ አልኩት። ግዝቱንም አነበብኩለት።

አልተቆጣም። “የፋቀው እሱ ራሱ ነው” አለኝ። “ጥያቄው ሁሉ የሷ ነው፣ ደብተሩም የሷ ይሁን ብሎ ያንቺን ስም ሊጽፍበት ነበር። እጁ ሲከዳው ጨርስልኝ አለኝ። ቀይ ቀለም ይዤ እስክመለስ አረፈ። ተጽፎ እስኪያልቅ እንዳልነግርሽም አስምሎኛል።”

አላመንኩትም። ገጹን መስኮት ጋ ወስጄ አየሁት። በተፋቀው ላይ፣ በንዴት ያላየሁት፣ በእርሳስ፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ “የወለተ ሥ” ይላል፤ እዚያ ላይ ቆሟል። የክርስትና ስሜ ወለተ ሥላሴ መሆኑን ካንተና ከንስሐ አባቴ በቀር ማን ያውቃል? እዚያው ሰው ቤት ተቀምጬ አለቀስኩ። ጌታቸውንም ይቅርታ ጠየቅኩት። ከኔ ደብቀህ ለሱ መንገርህ ግን እስካሁን ያናድደኛል።

ቀለሙን አውጥቶ ልጨርስልሽ ቢለኝ እምቢ አልኩት። ያንተ እጅ የቆመበት ላይ ይቁም። ደብተሩ የኔ ነው ካልክ የኔ ነው፤ የፋቅከውን ስም ግን እስክሞት ስጠራው እኖራለሁ።