ለጓንቱ የተሰጠችው ጉርሻ

ለተከበሩ ሐጂ ጀይላን፣ የቆላው ጤና መረዳጃ ማኅበር ሰብሳቢና የባለቤቴ የሙሀባ አጎት
ሸዋ ሮቢት፣ ሐምሌ 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። በዚህ ሙቀት ጤናዎ እንደተጠበቀ፣ ጉልበትዎም እንደማያስቸግርዎ ተስፋ አደርጋለሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ በተለይ ይህን ደብዳቤ አንብበው እስኪጨርሱ።

ከሁሉ አስቀድሜ ከፌስቡክ ገጽ አዘው ለሙሀባ ስላመጡላት፣ በአየር እየተነፋ ጣት ስለሚከፍትና ስለሚዘጋው ጓንት ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ስትሮክ ቀኝ ጎኗን ከመታት ስምንት ወር ሆኗት ነበር። በእነዚያ ስምንት ወራት በየአሥራ አምስት ቀኑ በጣርማ በር በኩል ደብረ ብርሃን እየወሰድኩ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ያሳየችንን እንቅስቃሴ ጠዋትና ማታ ያሠራኋት፣ ማሾ አንድ በአንድ ከሳህን ወደ ኩባያ ያስለቀምኳት እኔ መሆኔ ምንም ቁም ነገር የለውም። ጓንቱ በመጣ በአሥረኛው ቀን ጣቶቿ ተዘረጉ፤ ስለዚህ ያዳናት ጓንቱ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ባዮሎጂ ሳስተምር እንዲህ ያለ አጭር ማረጋገጫ አላጋጠመኝም።

ቅሬታዎቼን በቁጥር ለማቅረብ ይፍቀዱልኝ።

1. ማኅበርዎ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከሙሀባ ፎቶግራፍ ጋር «በሳይንስ የተረጋገጠ» የሚል ወረቀት ለጥፏል። የሻጩ ገጽ የጠቀሰውን ጥናት፣ ለብሔራዊ ፈተና ሲባል የተዘጋው ኢንተርኔት እስኪከፈት ጠብቄ አነበብኩት። የተሳተፉት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። ሁሉም ከታመሙ ሁለት ወር አልሞላቸውም፤ በዚያ ጊዜ ደግሞ ብዙ በሽተኛ ያለ ጓንትም ይሻለዋል። ሁሉም በየቀኑ ፊዚዮቴራፒ ይሠሩ ነበር። ጓንት ሳያጠልቅ ከእነሱ ጋር የተነጻጸረ አንድ ሰው እንኳ የለም። ጓንቱ አይረዳም አላልኩም፤ ይረዳ እንደሆነ ያ ጥናት አያውቅም ነው የምለው።

2. የዒዱ ዕለት በቤትዎ ማዕድ ላይ ሙሀባ በዚያው በታመመው ቀኝ እጇ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ጠቅልላ እርስዎን አጎረሰች። እርስዎም አላምጠው ሳይጨርሱ ለእንግዶቹ «ይኸው፣ ማስረጃው አፌ ውስጥ ነው» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በትዳራችን ብዙ አጉርሳኛለች፤ ይህችን አንዷን ግን ስምንት ወር ስጠብቃት ነበር። ዕድሜዬ ሃምሳ አራት ነው፤ በላስቲክ ጓንት መቅናቴን በግልጽ ለመጻፍ አላፍርም።

3. ከዚያ ቀን ወዲህ ሙሀባ ልምምዱን ትታለች። ጓንቱን አጥልቃ ትቀመጣለች፤ እሱ ጣቷን ያንቀሳቅስላታል፣ እሷ ሌላ ታስባለች። ለምን ብላት «አንተ ስትነካኝ ትቆጥራለህ፤ እሱ አይቆጥርብኝም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እቆጥር ነበር። ነገር ግን አውራ ጣቷ እንደገና ወደ መዳፏ እየታጠፈ ነው። ባለፈው ሳምንት የቀሚሷን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷት፣ እንዳላያት ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር አየሁ።

ስለዚህ ሐጂ፣ ምስጋናው ለጓንቱ ይሁን፤ ጉርሻዋም ለእርስዎ ሐላል ትሁንልዎ። ወረቀቱን ግን ያንሱልኝ፣ የሌሎች ሰዎች ሚስቶችና ባሎችም ልምምዳቸውን እየተዉ ነውና። ከዚያም አንድ ቀን ቤታችን ይምጡና በራሷ ጣቶች ማሾውን እንድትለቅም ይዘዟት። እኔን አትሰማኝም፤ እርስዎን ትሰማለች። የእኔ መኖር የሚከብዳት ከሆነ እስክትጨርሱ ውጭ እቆያለሁ።

የማኅበርዎን በጎ ሥራና የጓንቱን ዝና በሩቁ በአክብሮት የምመለከት፣
አብዱልሃዲ ዓሊ
የባዮሎጂ መምህር፣ እስከ ዒድ ድረስም የሙሀባ እጅ አሠሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በተለጠፈው ፎቶግራፍ ላይ ጓንቱ የተጠለቀው በግራ እጇ ነው። ግራ እጇ ታሞ አያውቅም። በእሱ ላይ የታየውን ፍጹም ፈውስ ግን በተጠራሁበት ሁሉ ቀርቤ እመሰክራለሁ።