ጉበቱን የሚያመው የጠፈር እንግዳ

ቦሌ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1982 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ገብረኣብ፣

ከቦሌ ናዝሬት ሁለት ሰዓት መንገድ ነው። «ለሁለት ሰዓት መንገድ ደብዳቤ ምን አመጣው፤ ተሳፍራ አትመጣም ነበር?» ብለው እንደሚገረሙ አውቃለሁ። የምጽፍልዎ ፊትዎን እያየሁ ልናገረው የማልችለው ነገር ስለሆነ ነው። የእርስዎንም የልጅዎን የትበርህንም ጤና በወጉ ሳልጠይቅ ወደ ጉዳዩ በመግባቴ ይቅር ይበሉኝ። ሰላምታ ከጀመርኩ እዚያው ላይ ወረቀቱን ጨርሼ፣ «ሌላው ሁሉ ደህና ነው» ብዬ ፖስታውን እንደማሽግ ራሴን አውቀዋለሁ።

ጉዳዩ ያ እነ ኣምለሰት ቤት በየእሑዱ ያየነው ተከታታይ ፊልም ነው፤ በከዋክብት መካከል የሚሄደው መርከብ። ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

ሌላ ሰው ቢሆን «አሥራ ሦስት እሑድ ሙሉ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመሽ የተረጎምሽልን አንቺ አይደለሽም ወይ?» ይለኝ ነበር። እርስዎ ግን አይሉኝም። እኔ ምን እየሠራሁ እንደነበር ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ።

እንዴት እንደገባሁበት ግን አያውቁም፤ እሱን ልንገርዎ። በ1978 የኣምለሰት ባል ዓለምሰገድ የአውሮፕላን ጥገና ሊሠለጥን ውጭ አገር ከርሞ ሲመለስ፣ የቪዲዮ ማጫወቻና አሥራ ሦስት ካሴት ይዞ መጣ። ፈረንጅ አገር ከሃያ ዓመት በፊት በቴሌቪዥን ታይቶ ሰው ያበደለት ነው አለን። ኣምለሰት ሰፈሩን ጠራች፣ ሳሎኗ ሞላ። ካፒቴኑ አንድ ነገር ሲናገር ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ፤ የአምስተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኛ። «ማሚቱ፣ ምን አለ?» አለችኝ ኣምለሰት። «ደህና ዋላችሁ አለ» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነና ከዚያ በኋላ መመለሻ አጣሁ።

ልናዘዝልዎ፣ ጋሽ ገብረኣብ። በሰዋስው የሚረታኝ አልነበረም። ግሥ በሦስቱም ጊዜ አርብቼ አሳይዎታለሁ። እንግሊዝኛን የማውቀው ግን በጠመኔ ነበር፣ በጆሮዬ ሰምቼው አላውቅም። እኔን ያስተማሩኝ መምህር የሚናገሩት ዳዊት በሚደገምበት ዜማ ስለነበር እያንዳንዷ ቃል ለብቻዋ ትደርሰኝ ነበር። ካፒቴኑ ደግሞ ቃሉን ሳያላምጥ ነው የሚውጠው። በመጀመሪያው ካሴት ውስጥ በእርግጠኝነት የሰማሁት «የስ» የምትለዋን ብቻ ነው።

አልገባኝም ብዬ ቁጭ እንዳልል፣ ምንጣፉ ላይ ተኮልኩለው ከሚያዩት ልጆች ስምንቱ ተማሪዎቼ ናቸው፤ ከኋላቸው ወላጆቻቸው አሉ። እኔ ደግሞ ያኔ ጊዜያዊ ቅጥር ነበርኩ። ቋሚ ለመሆን የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልገኛል። እንግሊዝኛ የማትሰማ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ተብሎ ስሜ አንዴ ከተነሣ፣ ደብዳቤውም እንጀራዬም ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ገባሁ።

ደግሞም የመርከቡ ሰዎች ሥርዓት የሚባል አልፈጠረባቸውም። በሩ ራሱ ተከፍቶላቸው ይገቡና እንደምን ዋላችሁ ሳይሉ በቀጥታ ወደ ሥራ ይሄዳሉ። አለቃቸው ሲገባ ብድግ የሚል የለም። ከሌላ ኮከብ ድረስ የመጣን እንግዳ አቁመው ያናግሩታል፤ ውኃ እንኳ አያቀርቡለትም። እኔ አፍሬላቸው ሰላምታውን ከራሴ እጨምርላቸው ነበር። «እንደምን ሰነበታችሁ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡስ» እያልኩ ስደረድር ካፒቴኑ ጨርሶ ሌሎች ሁለት ሰዎች ተናግረዋል። የሚገላግለኝ የቦሌ አውሮፕላን ብቻ ነበር። ጣሪያውን እያንቀጠቀጠ ሲያልፍ ድምፁን ይውጠዋል፣ እኔም «ይቺን እንኳ አልሰማኋትም» እላለሁ፣ ሌላውን የሰማሁ ይመስል።

ትልቁ ጥፋቴ ያ በመስተዋት ክፍል ውስጥ የተቀመጠው፣ ግንባሩ የተሸበሸበው ሰውዬ ነው። ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ፊቱ አመድ መስሎ ታየኝ። «ታሞ ነው» አልኩ። «ምኑን?» አሉኝ እማማ አሰገደች፤ እሳቸው የሰው ሕመም ሳያውቁ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። «ጉበቱን» አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መርከቡ ጉበቱን የሚያመውን እንግዳ ሩቅ ኮከብ ላይ ወዳለ ጠበል የሚያደርስ ሆኖ አረፈው። ሰፈሩ በሙሉ አዘነለት። መድኃኒት የሚመክሩትም ብዙ ነበሩ።

እርስዎ በሩ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ላይ ባርኔጣዎን ጉልበትዎ ላይ አድርገው ይቀመጡ ነበር። ሁላችንም የምናውቅዎ ጡረታ የወጡ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ መሆንዎን ነው። በሦስተኛው እሑድ ካፒቴኑ ሰዎቹን ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ አንገቱን ሲደፋ፣ «እናቱ ሞተውበት ለቅሶ ተቀምጧል» ስል ሳል ያዝዎት። ሳሉ አልለቅ ብሎ እንባዎ ወረደ፤ በባርኔጣዎ አፍዎን ይዘው ወጡ። «የእናታቸው ነገር ትዝ ብሏቸው ነው» አለች ኣምለሰት። እኔም አመንኩ። እንዲያውም ትርጉሜ ሰው አስለቀሰ ብዬ ትንሽ ኮራሁ።

በዘጠነኛው እሑድ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ላጲሶ ሳይጠሩ መጡ። የውይይት ክበባቸው የሚሰበሰበው በዚያው ሰዓት ነበርና፣ አዳራሹ ውስጥ እሳቸውና ጸሐፊያቸው ብቻ መቅረታቸውን ሰምተናል። ሶፋው መካከል ተቀመጡ። «ቀጥዪ ጓድ ማሚቱ፣ እኔ እንደሌለሁ ቁጠሪው» አሉ። እንዴት አድርጌ ነው እንደሌሉ የምቆጥረው?

«ይህ መርከብ የማን ነው?» ብለው ጀመሩ።

«የሠራተኞቹ ነው» አልኩ።

«ካፒቴኑስ?»

«ተመርጦ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«በሽተኛውን የት ነው የሚወስዱት?»

ጠበል ልል አፌን ከፈትኩና የሰውዬውን ዓይን አየሁ። «ጤና ጣቢያ» አልኩ።

«ማሚቱዬ» አሉ እማማ አሰገደች ከወደ ኋላ፣ «ያለፈው እሑድ ጠበል ነው ብለሽን አልነበር? እኔ እኮ ቢድንለት ብዬ ጧፍ ተስዬለታለሁ።»

ጓድ ላጲሶ ደብተራቸውን አወጡ። «ባለፈው እሑድ ጠበል፣ ዛሬ ጤና ጣቢያ» አሉ እየጻፉ። «ሕዝቡ ምን እንደሚነገረው ማረጋገጥ ይኖርብናል። እዚህ ቤት እንግሊዝኛ የሚችል ሌላ ሰው አለ?»

ዓለምሰገድ እንግሊዝኛው እንደኔው የመጽሐፍ ነው፤ የጥገና መጽሐፍ። የሚናገር ሰው የለም፣ ተረፍኩ ስል አግዳሚዋ ሲጢጥ አለች። እርስዎ ተነሥተው ቆመዋል።

«እኔ እችላለሁ» አሉ። «ባለፈው እሑድ ወደ ጠበል ነበር የሚሄዱት። ዛሬ ያቺ ነጭ የለበሰችው ሐኪም መክራ አሳመነቻቸውና ወደ ጤና ጣቢያ ዞሩ። መምህርቷ የምትለው ቃል በቃል ነው።»

«እርስዎ እንግሊዝኛ ከየት አወቁ?» አሉ ጓድ ላጲሶ።

«አስመራ። ከአሜሪካኖች ጋር ሬዲዮ ክፍል አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ።»

በዚያ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት የሚናገር አልነበረም፤ ለዚያውም ሳይጠየቅ። ጓድ ላጲሶ ብዙ ጻፉ። ከዚያ ደብተራቸውን ዘጉና «እንግዲያው ይቀጥል» አሉ፤ በቀጣዩ እሑድም መጡ፣ የውይይት ክበቡንም ወደ ጠዋት አዛወሩት።

በወሩ የድጋፍ ደብዳቤዬ ተጻፈልኝ፣ ቋሚም ሆንኩ። እርስዎን ግን የሕይወት ታሪክዎን ጽፈው እንዲያመጡ ጠሩዎት። አንዴ ጻፉ፣ አጭር ነው ተባሉ። ሁለተኛው ረዘመ ተባለ። ሦስተኛውን ይዘው በቤቴ በር ሲያልፉ በመስኮት አየሁዎትና መጋረጃውን ሳብኩት። በሰኔ ቤትዎን ለቀው ናዝሬት ትበርህ ዘንድ ሄዱ። ሰፈሩ «ልጃቸው ናፍቃቸው ነው» አለ፣ እኔም አብሬ እንዲሁ አልኩ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ እንኳ አላልኩዎትም። ባመሰግንዎ ምን አድርገውልኝ እንደማመሰግንዎ መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ ያን ደግሞ ፈራሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔው ነቀዘ።

ከዚያ በኋላ ትንሽ ሬዲዮ ገዝቼ ጠዋት ጠዋት የእንግሊዝኛ ዜና ማዳመጥ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ዓመት የአገር ስም ብቻ እለይ ነበር። በሦስተኛው ዓመት የአየር ትንበያውን ጭምር መስማት ቻልኩ። የለንደን ዝናብ ለእኔ ምንም አይደለም፣ ግን ሰማሁት።

ባለፈው ወር ዓለምሰገድ ባለቀለም ቴሌቪዥን አስመጣ። ካሴቶቹ እንደገና ወጡ፤ ኣምለሰት ሰፈሩን ከመጥራቷ በፊት እኔን ብቻ ጠርታ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን አሳየችኝ። ሁሉንም ሰማሁት፣ ጋሽ ገብረኣብ። ያ በሽተኛ በሽተኛ አይደለም። አንድ ከተማ ከነሕዝቡ ያቃጠለ ነፍሰ ገዳይ ነው። የመስተዋቱ ክፍል እስር ቤቱ ነው፤ መርከቡ ወደ ፍርድ ቤት እየወሰደው ነው። ነጭ የለበሰችው ሴት ሐኪም አይደለችም፣ ከሳሹ ናት። የካፒቴኑ ለቅሶ ደግሞ ስለ ሞተር ብልሽት የተደረገ ስብሰባ ነው። ሳልዎ የዚያን ጊዜ ገባኝ፤ ብቻዬን ሶፋው ላይ እኔም እስክታመም ድረስ ሳልኩ።

እሑድ ሁሉም ሲሰበሰብ እውነቱን ልናገር ቆርጬ ሄድኩ። ልብሴን እንኳ እንደ ሠርግ ቀን መርጬ ነው የለበስኩት። ሰውዬው ብቅ ሲል ተነሥቼ «ይህ ሰው ታማሚ አይደለም፣ ነፍሰ ገዳይ ነው» አልኩ።

እማማ አሰገደች አዝነው አዩኝ። «ምነው ልጄ፣ እንግሊዝኛው ጠፋሽ እንዴ? ድሮ እንዴት አሳምረሽ ነበር የምትተረጉሚ።» ከዚያ በጣታቸው ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከቱ። «ይኸው፣ በቀለም ሲመጣ አየነው። አረንጓዴ ሆኗል። ሐሞቱ ፈስሶ ነው።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሰውዬው እውነትም ቅጠል መስሏል፤ በጥቁርና ነጩ ያላየነው እሱን ነበር። ቤቱ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ።

«ያኔ ተሳስቼ ነው፣ እንግሊዝኛ አልሰማም ነበር» አልኩ።

«ጓድ ማሚቱ» አሉ ጓድ ላጲሶ፤ ዛሬም ሶፋው መካከል ናቸው። «ይህ ጉዳይ በምስክር የተዘጋ ነው። ጓድ ገብረኣብ በሊቀመንበሩ ፊት ቃል በቃል ነው ብለው መስክረዋል፣ ጽፌ ይዣለሁ። ወይስ ሰውዬው ዋሽተዋል ነው የምትዪው?»

«ጋሽ ገብረኣብ?» አለች ኣምለሰት ደንግጣ። «እሳቸው ውሸት ያውቃሉ?»

ሁሉም አየኝ። ለራሴ ውርደት ተዘጋጅቼበት ነበር፤ ለዚህ ግን አልተዘጋጀሁም። እርስዎ በዚያ ቤት ጥለውት የሄዱት ቃልዎን ብቻ ነው፤ እሱን አንሥቼ መሬት ልጥለው ነው።

«አልዋሹም» አልኩ። «ዛሬ ነው የተሳሳትኩት። ታሞ ነው።»

እማማ አሰገደች «ተመስገን» አሉ። እኔም ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ ቀጠልኩ። ሰውዬው «ብፈታ ያን ከተማ ደግሜ አቃጥለዋለሁ» ሲል፣ «ስላስታመማችሁኝ ውለታችሁ አለብኝ ይላል» አልኩ። እያንዳንዱን ቃል እየሰማሁ መዋሸት እንዴት ያለ ሥራ ነው፤ ሳይሰሙ መዋሸት ከዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነው። ላብ አጠመቀኝ። የዚያን ቀን እርስዎ ከአግዳሚዋ ተነሥተው የሠሩት ምን እንደሆነ ከነክብደቱ ያወቅሁት አሁን ነው። እስካሁን አራት እሑድ ሆኖኛል፤ ዘጠኝ ይቀረኛል።

ከቦሌ የሄዱት በእኔ ምክንያት ከሆነ ይጻፉልኝና ይውቀሱኝ፤ ይገባኛል። ካልሆነም ይጻፉልኝ። ይህን ደብዳቤ ግን አንብበው ሲጨርሱ ይቅደዱት፤ ጓድ ላጲሶ እጅ ከገባ ሁለታችንም የሕይወት ታሪካችንን ስንጽፍ እንከርማለን።

ጋሽ ገብረኣብ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ቃል የዚያን እሑድ በሰው ፊት ብዬው ቢሆን ኖሮ ውሸትዎን አጋልጬ እበትነው ነበር። አሁን እኔና እርስዎ ብቻ ነን፤ ጥለውት የሄዱትን ቃል እንደ አደራ እየጠበቅሁልዎ ነው።

ልጅዎ፣
ማሚቱ