ሸራው ሙዓላ፣ ቋሚው ሀሽሚ

ለተከበሩ በየመኗ ኤደን የእድራችን ሊቀ መንበር፣ ለአቶ ወንድማገኘሁ፦

በዚህ ሙቀት ጄኔሬተርዎ እንዳይቋረጥ፣ ማራገቢያዎ እንዳይቆም፣ ደም ግፊትዎም ከከተማችን መብራት ተሽሎ እንዲረጋ ከልብ እየተመኘሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ፣ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በእድሩ አዳራሽ ታሪክ አስተምር የነበርኩት ተሻገር፣ ደህና ነኝ፤ ክፍሌን ከዘጉልኝ ወዲህ እንዲያውም ወፍሬያለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ለመታማትማ እኔ ራሴ እበቃለሁ። እንደሚያውቁት የሀሽሚ ገበያ ነጋዴዎች ከገቡ ወዲህ እድራችን አድጓል፣ ትልቅ ድንኳንም አሠርቷል። ዕድገት ባለበት ጠብ አይጠፋምና እርስዎ ቀብር ላይ ያልተገኘ ቤት ለሚቀጥለው ለቅሶ ምግብ አብስሎ ያቅርብ የሚል ሕግ አወጡ። በጊዜ ከሥራ ለምንወጣ ለእኛ ለሙዓላ የወደብ ሰዎች ሕጉ ማር ነው። ሱቃቸውን በቀን መዝጋት የማይችሉት የሀሽሚ ሰዎች ግን የዘወትር ወጥ ሠሪ ሆነው ቀሩ።

እኔም ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ ነገር በምሳሌ ነው ብዬ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የነበረችውን አሜሪካ ለማስተማር ተነሣሁ። የኒውዮርኩ ገዥ ሐይቁን ከወንዙ የሚያገናኝ ቦይ ሲያስቆፍር የሳቁበት ሰዎች፣ ቦዩ ንግድ ይዞ ሲመጣ እንዴት ዝም እንዳሉ ስተርክ እርስዎ ራስዎ አጨብጭበዋል። ከዚያ ወደ ቀረጡ ገባሁ። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የተጣለው ከባድ ቀረጥ የሰሜኑን ፋብሪካ ሲጠቅም፣ በባሪያ ጉልበት ጥጥ የሚያመርተውን የደቡቡን ባለርስት አስቆጣ። ሳውዝ ካሮላይናም ይህ ሕግ በእኔ ምድር አይሠራም ብላ አወጀች። ልክ ይህን ስናገር መብራት ጠፋ፤ ማራገቢያው ቆመ፤ ሰዉም ላቡን እየጠረገ ወጣ።

የሀሽሚዋ የቅመም ነጋዴ ወይዘሮ ሂክማ በሩ ላይ ቆመው፣ «ያ ኡስታዝ፣ አላህ ይስጥህ! መፍትሔው ይህ ነው ለካ። ኻላስ፣ በቃ፣ የእድሩ ሕግ ሀሽሚ አይገባም» አሉኝ። እኔም እጅ ነሥቼ አመሰገንኋቸው፤ ትምህርቴ የገባቸው መስሎኝ ነዋ!

እንግዲህ ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ፦ የድንኳኑ ቋሚዎች ድሮም የሚቀመጡት ወይዘሮ ሂክማ መጋዘን ነበርና እሳቸው አልሰጥም ሲሉ፣ እርስዎም ሸራውን ሙዓላ ቤትዎ ስለቆለፉበት እናመሰግናለን። አሁን አንዱ ወገን ለቀስተኛውን ሸራ ያለብሰዋል፤ ሌላው በቋሚዎች መካከል ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል።

፪ኛ፦ ክፍሌን «ሁከት ቀስቃሽ» ብለው መዝጋትዎ የማይገባኝ ክብር ነው። ማስተማር ከጀመርኩ ጀምሮ የቤት ሥራውን ሠርቶ የመጣ ተማሪ አላየሁም፤ ዘንድሮ ሰፈሩ በሙሉ ሠራው።

፫ኛ፦ ይህኛው ቀልድ የለውም። መብራቱ የጠፋው ትምህርቱ ሳያልቅ ነው። የቀረው ክፍል፣ ፕሬዚዳንቱ በጦር ሲዝቱ ምክር ቤቱ ቀረጡን ቀስ በቀስ የሚቀንስ ሕግ አውጥቶ፣ ካሮላይናም እምቢታዋን አንሥታ፣ ሁሉም አሸነፍኩ እያለ ቤቱ የገባበት ነበር። ዕርቁ ሁሉን አልፈታም፤ የባርነቱ ነገር ቆይቶ ብዙ ደም አፍስሷል። ቢሆንም የዚያን ጊዜው ጠብ በርዷል። የእኛ ሰው የሰማው ግን ጠቡን ብቻ ነው፤ ያሰማሁትም እኔ ነኝ፤ አፍሬያለሁ።

ጎረቤቴ እማማ ለተ ማርያም ከተኙ ሰንብተዋል። ከእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ጊዜ ጀምሮ እዚህ የኖሩ፣ የሙዓላንም የሀሽሚንም ልጆች ያዋለዱ፣ የራሳቸው ልጅ ግን የሌላቸው ሴት ናቸው። ልጠይቃቸው በገባሁ ቁጥር፣ «ተሻገር፣ የእኔን ድንኳን የትኛው ሰፈር ነው የሚተክለው?» ይሉኛል። ስለ አሜሪካ ቢጠይቁኝ እስኪመሽ አወራ ነበር፤ ይህን ሲሉኝ ግን ትራሳቸውን አስተካክዬ እወጣለሁ።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ዓርብ ብቻ ነው። አዳራሹን ይክፈቱልኝና የቀረውን ላስተምር። እርስዎም ማታ ሱቁን ዘግቶ ለቅሶ የደረሰ ሰው እንደ ተገኘ ይቆጠር ቢሉ፣ ወይዘሮ ሂክማ ቋሚዎቹን በራሳቸው መኪና እንደሚያመጡ ነግረውኛል። አሸናፊው እርስዎ ነዎት ብዬ ለመመስከርም ዝግጁ ነኝ፤ ለእሳቸውም ይህንኑ ቃል ገብቻለሁ።

ግማሽ ትምህርት አስተምሮ ሙሉ ጠብ ያተረፈ፣ በሙዓላም በሀሽሚም እኩል የሚሰደብ፣ ትሑት አገልጋይዎ፣
ተሻገር

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ሳነብላቸው እማማ ለተ ማርያም ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ «ሸራና ቋሚው ሳይገናኙ አልሞትም በለው» አሉኝ፤ ከዚያን ቀን ወዲህም ሾርባ መጠጣት ጀምረዋል። ስለዚህ ክቡር ሊቀ መንበር፣ እንደ ልማድዎ አይቸኩሉ፤ በእርስዎ አያያዝ እማማ ሁላችንንም ሳይቀብሩን አይቀሩም።