እጅጌው ከተጠቀለለ አይቀር

ሰኞ

ሳጥኔን ወሰዱብኝ። የጤና ጣቢያው የክትባት ሳጥን ነው እንጂ የኔ አይደለም፤ ግን አሥራ አንድ ዓመት የያዝኩት እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የአዋቂዎች የኮቪድ ክትባት በደም ግፊት መለኪያው ክፍል ይሰጥ ተባለ፣ ሲስተር ሐዊ ጋ። መጥታ ዓመት እንኳ አልሞላትም! ስብሰባ ላይ ብድግ ብላ «ሽማግሌ ሰው እናቶች መሃል፣ የሚያለቅስ ሕፃን አጠገብ ቁጭ ብሎ ካፖርቱን አያወልቅም። እኔ ጋ ግን ግፊቱን ስለካው እጅጌው ተጠቅልሏል። ከተጠቀለለ አይቀር እዚያው እንጠይቀውና እንከትበው» አለች። ኃላፊያችን አጨበጨበ። ለእጅጌ!

የአሰላን ብርድ እኔ አላውቅም? ሰው በሹራብ ላይ ሹራብ፣ በዚያ ላይ ካፖርት፣ በዚያ ላይ ጋቢ ደርቦ ሲመጣ አላየሁም? አይቻለሁ። አላሰብኩትም እንጂ። ያንገበገበኝም እሱ ነው።

ማክሰኞ

ኦቦ ገመዳ ክንዳቸውን እያሹ ከሐዊ ክፍል ሲወጡ ተገጣጠምን። ስኳርም ግፊትም አለባቸው። ወደኔ ክፍል በጠራኋቸው ቁጥር «እኔ ሕፃን ነኝ እንዴ?» እያሉ ያመለጡኝ ሰው ናቸው።

«ተከተቡ እንዴ?» አልኳቸው።

«ጠየቀችኝ፤ እሺ አልኳት» አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ሳጥኑ ባዶውን ተመለሰ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ማታ ለባሌ ለግርማ ነገርኩት። እሱም ግፊት አለበት። ክትባት ሲነሳ «እኔን የሚጠብቀኝ እግዚአብሔር ነው» ይለኛል፤ ኪኒኑን ግን ሳያዛንፍ ይውጣል። የክትባቷ ሲስተር ባል አልተከተበም እየተባልኩ ስታማ ከረምኩ። ሐሜቱስ ይሁን። ጎረቤታችንን ባለፈው ወር ኮቪድ ይዞት፣ ኦክስጅን አድርገውለት እንኳ አልተረፈም፤ ከዚያ ወዲህ ግርማ ባሳለ ቁጥር ልቤ ይሸበራል።

እና ስለ ሐዊ አማርሬ ስጨርስ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጎበዝ ልጅ ትመስላለች።» ራቱን ሳላሞቅ ሰጠሁት።

ረቡዕ

ግርማ የግፊት ቀጠሮው ነበር። ሁልጊዜ ሲጨርስ እኔ ጋ ብቅ ይላል። ዛሬ ዝር አላለም። በመስኮት ሳይ ሐዊ እስከ በሩ ሸኘችው፤ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። ትስቃለች፤ እሱም ይስቃል። እንዲያውም መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። ምን ብትለው ነው እንዲህ እስኪያነባ የሳቀው? እኔ ስቀልድ ጥርሱ እንኳ አይታይም።

«ባሌን ምን ብለሽው ነው?» አልኳት።

«እሱን ይጠይቁት፣ እትዬ አስቴር» አለችኝ። እትዬ! በእሷ ቤት አርጅቻለሁ።

ሐሙስ

ግርማ ለንግዱ እህል ሊገዛ ሄዶ ሳጉሬ ገበያ ውሎ መጣ። ጃኬቱን ላወልቅለት ግራ ክንዱን ስይዘው «ወይኔ!» ብሎ ዘለለ።

«ምነው?»

«ጆንያ ሳነሳ ነው።»

ጆንያ! ግርማ ጆንያ ካነሳ ስንት ዘመኑ፤ ለዚህማ ወዛደር አለው። የተወጋ ክንድ ደግሞ ለኔ አይጠፋኝም። ተከትቧል። በእሷ እጅ።

መጀመሪያ ተመስገን አልኩ፣ ከልቤ። ቀጥሎ አንጀቴ አረረ። እኔ ለምኜ፣ አልቅሼ፣ አኩርፌ እምቢ ያለኝ ሰውዬ፣ ለእሷ ሲሆን እጅጌውን ሰበሰበ። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ! አላናገርኩትም።

ዓርብ

አሁንም አላናገርኩትም። ሐዊ ሻይ ልጋብዝዎት አለችኝ፤ ጨጓራዬን አሞኛል አልኳት። ጨጓራ የለብኝም።

ኦቦ ገመዳ ባለቤታቸውን ይዘው መጥተዋል፣ ለማስከተብ። በኔ በር ነው ያለፉት። ሰላምታ አልነፈጉኝም።

ቅዳሜ

ቁርስ ላይ ፈነዳሁ። «እሷ እኔ የሌለኝ ምን አላት?»

ግርማ መጀመሪያ ምንም አላውቅም ለማለት ሞከረ። ፊቴን ሲያየው ተወው።

«አልጋ አላት» አለ።

«ምን?!»

«ቆይ፣ አስጨርሺኝ። የመመርመሪያ አልጋ። እዚያ ላይ አስተኛችኝ። መርፌ እፈራለሁ፣ አስቴር። ከልጅነቴ ጀምሮ። ሲሪንጁን ሳይ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አንቺ ክፍል ሕፃናቱ ሲንጫጩ እኔም አብሬ ለቅሶውን ልነካው ነው? በዚያ ላይ አንቺ አለሽ። ዕድሜ ልኬን ትስቂብኛለሽ።»

«አልስቅም!» አልኩና ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ሳቀ። ስንት ወር እግዚአብሔርን ምክንያት ያደረገው ለካ ለመርፌ ኖሯል!

ሳቁ የለቀቀኝ በኋላ፣ ዕቃ ሳጥብ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር እንባውን አንድ ቀን አላየሁም። አባቱን ሲቀብር እንኳ ዓይኑ ደረቅ ነበር። ረቡዕ ዕለት በመሐረብ የጠረገው የሳቅ አልነበረም። የኔን ባል እንባ ሐዊ አየችው፤ እኔ አላየሁም። በክትባቱ እንኳ እንደዚህ አልቀናሁም።

ሁለተኛው ዙር ሲደርስ ሳጥኑን ራሴ ተሸክሜ ግፊት ክፍል እገባለሁ። ሐዊ እጅጌውን ትጠቅልል፤ መርፌው የኔ ነው። ነገርኩት።

«ባለቅስስ?» አለኝ።

«አልስቅም።»

«እናያለን» አለ።