የቀያሹ ቃል

ሰኞ

ለመንደሩ ልናቆም ያሰብነው ወፍጮ ዛሬ ከእጃችን ሊወጣ ነበር።

ወደ መንደሩ የሄድነው ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎን ነበር። የቀረን የሽርክናውን ውል ማንበብ ብቻ ነበር። ወይዘሮ ብርሃኔ እንደ አለቃነታቸው ስለ ድርጅታችን አስረዱ፤ እኔ ወደ በርታኛ መለስኩ። ብድር አይደለም፣ ወለድ የለውም፣ ከመንደሩ ጋር ተሻርከን ትርፉንም ኪሳራውንም እንካፈላለን። ገንዘቡን ያዋጡት ሰዎች ለጦር መሣሪያ፣ ለመጠጥና ለትምባሆ እንዳይውል አደራ ብለዋል። ሰውን ከመሬቱ ለሚያፈናቅል ሥራም እንዳይገባ። ይህንን የመጨረሻውን ስናገር ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

የመንደሩ ትልቅ ሰው ሼህ ኢድሪስ ናቸው።

«ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ሰማን» አሉ። «ይዘውት የመጡት ሰዎችስ? ከዚህ በፊት ምን ስትሠሩ ነበር?»

ወይዘሮ ብርሃኔ ሁላችንም ሙያ ያለን ሰዎች መሆናችንን ነገሯቸው።

«ሙያማ ሁሉም ነበረው። እዚህ የመጣ ሁሉ ባለሙያ ነኝ ብሎ ነው የመጣው። ሐሙስ ተመለሱ። አንድ በአንድ ትነግሩናላችሁ፤ ከዚያ ስለ ወፍጮው እንነጋገራለን።»

ስንወጣ አክስቴ ሐሊማ የቀርከሃው አጥር ጋ ቆማ ነበር። የእናቴ ታናሽ ናት። ወፍጮውን ከእሷ በላይ የሚፈልግ ሰው የለም። ማሽላዋን ወይ በድንጋይ ትፈጫለች፣ ወይ ተሸክማ አሶሳ ድረስ ትመጣለች። ጉልበቷ አብጧል።

«አለቀ?» አለችኝ።

«ሐሙስ» አልኳት።

ማክሰኞ

ሙቀቱ አያስቀምጥም። የቢሮው ቆርቆሮ ከጠዋት ጀምሮ ይንጣጣል። ከመንገዱ ማዶ ሰዎች መሰላል ላይ ወጥተው የአንድ አዲስ የክልል ቢሮ ታፔላ ይሰቅላሉ። በየሳምንቱ አንድ አዲስ ታፔላ አለ።

ወይዘሮ ብርሃኔ ሰብስበው አለማመዱን። ሐሙስ እያንዳንዳችን አጠር አድርገን እንድንናገር።

እሳቸው፦ ባንክ ቤት። መጀመሪያ መስኮት ላይ፣ ኋላ ብድር ክፍል። የወጡበትን ምክንያት ዛሬ ገና ሰማሁ። «ብሩ ይመለሳል ወይ ብለን እንጠይቃለን። ብሩ ሄዶ ምን ሠራ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም» አሉ።

ሾፌራችን ሙሉጌታ፦ የጦር ሠራዊት የከባድ መኪና ሾፌር። ሠራዊቱ ሲበተን በእግሩ አገሩ ገብቷል። «ይሄንንም ልናገር?» አለ። ተናገር ተባለ።

እኔ፦ ሆሞሻ ወረዳ አስተማሪ ነበርኩ። ክልሉ ሲቋቋም ሁለቱን ቋንቋ የሚችል ሰው በየቦታው ይፈለግ ስለነበር ወጣሁ። ልጆቹ ይናፍቁኛል። ጠመኔው አይናፍቀኝም።

ጋሽ ጌታሁን ተራቸው ሲደርስ «እኔ ቀያሽ ነበርኩ» ብለው ዝም አሉ። የት፣ መቼ፣ ምንም። ወይዘሮ ብርሃኔም አልጠየቁም። የወፍጮውንም ቦታ፣ ሌላውንም የምንሠራበትን ቦታ ሁሉ የሚለኩልን እሳቸው ናቸው። ከመጣሁ ጀምሮ እንደ አባት ናቸው። ደሞዝ ሲዘገይ እየጠሩ ምሳ ያበሉኛል።

ከሰዓት ማንጎው ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሻሂ ወሰድኩላቸው። አልጠጡትም።

«አሻ፣ ያንን መሬት የቀየስኩት እኔ ነኝ» አሉኝ።

የቱን መሬት አላልኩም። ገባኝ። በደርግ ጊዜ ሰፋሪዎቹ ከወሎ ከመምጣታቸው በፊት ሰዎች መጥተው ችካል ተክለዋል። ከችካሉ በኋላ ትራክተር። የአክስቴ ማሳ ችካሉ ውስጥ ገብቶ ተወሰደ። ባሏ ያንን ዓመት ሥራ ፍለጋ በኩርሙክ በኩል ሱዳን ተሻገረ። አልተመለሰም።

«ሰኞ ስንገባ ኮረብታውን አይቼ አወቅኩት» አሉ።

ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። የሻሂውን ብርጭቆ አንስቼ ገባሁ።

ረቡዕ

ጋሽ ጌታሁንን «ለወይዘሮ ብርሃኔ ራስዎ ይንገሩ» አልኳቸው። ነገሯቸው። በሩ ተዘግቶ ብዙ ቆዩ። ከዚያ እኔም ተጠራሁ።

ወይዘሮ ብርሃኔ ፊታቸው ጠቁሯል። «የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ ይበሉ፤ በቃ» አሉ። «ውሸት አይደለም። አሻም እንደዚያው ትተረጉማለች።»

ጋሽ ጌታሁን ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ቀኑን ሙሉ ሳብሰለስል ዋልኩ። እውነቱ ከወጣ ወፍጮው ይቀራል፤ አክስቴ ማሽላዋን ተሸክማ ትኖራለች። ካልወጣ ደግሞ በእኔ አፍ ነው የሚደበቀው፣ በገዛ ቋንቋችን። እሳቸው የሚሸፍኑት በአማርኛ ነው። እኔ ግን ሴቶቹ ፊት ቆሜ፣ ሐሊማ ዓይን ዓይኔን እያየችኝ ልዋሽ ነው።

ደግሞ ተናድጃለሁ። በማን እንደሆነ ለይቼ አላውቀውም። እንዳባት ያየሁት ሰው ነው።

ጋሽ ጌታሁን ምሳ ጠሩኝ። ጠግቤያለሁ አልኩ። አልጠገብኩም ነበር።

ሐሙስ

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሼህ ኢድሪስ ግቢ ዳሱ ሥር ተቀመጥን። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላው። ወይዘሮ ብርሃኔ ጀመሩ። የባንኩን ነገር ሲሰሙ ሽማግሌዎቹ ደስ ያላቸው መሰለኝ። ሙሉጌታ ወታደር ነበርኩ ሲል ማጉረምረም ነበር፤ ግን ሼህ ኢድሪስ «ልጅ ነበር፣ ወሰዱት» አሉና ዝም ተባለ። የእኔን ተራ «አንቺን እናውቅሻለን» ብለው አለፉኝ። ሰው ሳቀ።

ከዚያ ጋሽ ጌታሁን። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ፣ በእርሻ በኩል።»

ተረጎምኩ።

«ምን ሠራተኛ?» አሉ ሼህ ኢድሪስ፣ በራሳቸው አማርኛ።

ወይዘሮ ብርሃኔ መሬት መሬቱን አዩ። ጋሽ ጌታሁን ወደ ኮረብታው ዞሩ፤ ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ።

«ቀያሽ። ለሰፈራው ጣቢያ እዚህ ችካል የተከልኩት እኔ ነኝ።»

አማርኛ የሚሰሙት ወንዶች ቀጥ አሉ። ሴቶቹ ግን አልገባቸውም። ሐሊማ «ምን አለ?» አለችኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «መንገድ የሚለካ ሰው ነበር» ብል ያልፍ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ነበር።

በበርታኛ «ማሳችን ላይ ችካል የተከለው ይሄ ሰው ነው» አልኩ።

ማንም አልጮኸም። አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ ተነሣች። ሐሊማ አልተነሣችም። ጋሽ ጌታሁንን ትክ ብላ ታያቸው ነበር።

«ያን ጊዜ ሰው እንዳለበት ታውቅ ነበር?» ሼህ ኢድሪስ ጠየቁ። አሁን በበርታኛ ነው የሚናገሩት፤ እኔ ነኝ የምተረጉመው።

«አውቅ ነበር። ማሽላው በቅሎ ነበር። ለአለቃዬ ነገርኩት። ባዶ መሬት ብለህ መዝግብ አለኝ። መዘገብኩ።»

«አሁን ለምን መጣህ? ይቅር በሉኝ ልትል ነው?»

«ሥራ አግኝቼ ነው የመጣሁት። ለይቅርታ መጣሁ ብዬ ብነግራችሁ ውሸት ነው። እዚሁ ቦታ እንደሆነ ያወቅኩት ሰኞ ነው። ትላንት ልደብቃችሁ ተስማምቼ ነበር።»

ይህንንም ተረጎምኩ። ሁሉንም፣ ምንም ሳልቀንስ።

ሐሊማ ያኔ ተነሣች። ነጠላዋን አራግፋ ሄደች። ሼህ ኢድሪስ «ጁምዓን እንስገድና እንመክራለን» አሉ። ተሰናበትን። እጅ የሰጠን የለም።

በመኪና ተመለስን። አሶሳ ልንገባ ስንል ወይዘሮ ብርሃኔ «ሰው የሚያፈናቅል ሥራ ውስጥ አንገባም ብለን ነው ገንዘብ የምንለምነው። ለአዲስ አበባው ዋና ቢሮ ምን ብዬ ልንገራቸው?» አሉ።

ጋሽ ጌታሁን «የሆነውን ይንገሯቸው» አሉ።

ዓርብ

ብቻዬን ሐሊማ ዘንድ ሄድኩ። ድንጋዩ ላይ ጎንበስ ብላ ትፈጫለች። እኔ ልፍጭ አልኳት፤ አልተወችልኝም።

«መቼ አወቅሽ?»

«ማክሰኞ።»

«ሁለት ቀን አወቅሽና ዝም አልሽ።»

የተበተነውን ማሽላ ሰበሰብኩላት።

ሐሊማ ብዙ አትናገርም። ዛሬ ተናገረች። ችካሉ በተተከለ ቀን ጠዋት አረም ላይ እንደነበረች፣ ሰዎቹ የመለኪያ መሣሪያቸውን አቁመው ሲያነጣጥሩ ሊተኩሱብን ነው ብላ ማሽላው ውስጥ እንደተኛች። ባሏ ሄዶ እንዳናገራቸው። ሊሰሙት ስላልፈለጉ ሳይሆን ቋንቋውን የሚችል ሰው ስላልነበረ ዝም ብለው እንዳለፉት። አንዱ ግን ውሃ ሰጥቶታል።

«እሱ ይሁን ሌላ፣ አላውቅም» አለች። «መልካቸው ሁሉ አንድ ነበር ያኔ።»

ወፍጮው እንዲቀር ትፈልጊያለሽ ወይ አልኳት።

ሳቀች፤ ደስ የማይል ሳቅ። «ወፍጮው ምን አደረገኝ? የሰፋሪዎቹም ሴቶች እኮ እንደኔው ተሸክመው ነው የሚሄዱት። መንገድ ላይ አብረን እናርፋለን። እነሱንም ጠይቆ ያመጣቸው የለም።» ከዚያ ደግሞ፣ «ሰውየው ግን ቤቴ አይግባ» አለች።

ወንዶቹ ከመስጊድ ሲወጡ ፊታቸውን አይቼ ልገምት ሞከርኩ። ምንም አልተነበበኝም።

ቅዳሜ

ገበያ ነው። ሼህ ኢድሪስ ከገበያ መልስ ራሳቸው ቢሮ መጡ። ወንበር አቀረብንላቸው። ለወይዘሮ ብርሃኔ በራሳቸው በተሰባበረ አማርኛ «አንተ ወፍጮ አምጣ» አሏቸው። ወይዘሮ ብርሃኔ «እሺ አባቴ» አሉ፤ «አንተ» መባላቸውን ልብ ያሉትም አልመሰለኝ። ቦታው መንገዱ ዳር ይሁን አሉ፣ ከእኛም ከሰፋሪዎቹም መንደር ሴቶች እኩል እንዲደርሱበት። ይህም ተወሰነ።

የቀረውን በእኔ በኩል ተናገሩ። ጋሽ ጌታሁን በር ላይ ቆመው ነበር።

«ይቅርታ አልጠየቀንም፤ እኛም አልሰጠነውም። የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው። አዲሱ የመሬት ቢሮ ሰኞ ሰኞ ሰው ያነጋግራል። ሄደን ማሳችን ነበር ስንል የቢሮው ልጆች 'ባዶ ነበር ተብሎ ተጽፏል' ይሉናል። ሰፋሪው ይነቀል አላልንም፤ እሱም ልጅ ወልዶበታል፣ ሬሳ ቀብሮበታል። ግን ሰው አልነበረም ሲባል መስማት ሰለቸን። የጻፈው ሰው ይምጣና ሰው ነበረ ይበል።»

ጋሽ ጌታሁን በዚህ በሕግ ሊጠየቁ እንደሚችሉ ሁላችንም እናውቃለን። ወይዘሮ ብርሃኔ አለቃቸው ስለሆኑ ሳይሆን ስለፈሩላቸው ይመስለኛል፣ «እስኪ ያስቡበት» አሏቸው።

«እሄዳለሁ» አሉ።

ሼህ ኢድሪስ ተነሡ። በሩ ጠባብ ነው፤ ጋሽ ጌታሁን ጥግ ይዘው አሳለፏቸው። ሰላም አልተባባሉም።

ወይዘሮ ብርሃኔ ለአዲስ አበባ ስልክ ለመደወል ቴሌ ሄዱ። መስመር አልነበረም። ሰኞ እሞክራለሁ፣ እስከዚያ ጋሽ ጌታሁን ከሥራ አይነሡም አሉ። የሰውየውን ነገር ሲያነሡ ረቡዕ ዕለት የነበረው ቁጣ ድምፃቸው ላይ የለም።

እሑድ

ልብስ አጠብኩ። ለማንም ምንም አልሠራሁም። ጋሽ ጌታሁን ምሳ አልጠሩኝም። ቢጠሩኝ እሄድ ነበር ወይ? እሄድ ነበር መሰለኝ። እንጃ።

ሰኞ

መሬት ቢሮው ገና ቀለም ይሸታል። ጠረጴዛው አንድ ነው። የሚጽፈው ወጣት የመተከል ልጅ ነው፣ ሺናሻ። ሼህ ኢድሪስ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ቀድመውን ደርሰዋል። ሐሊማም መጥታለች። እመጣለሁ አላለችኝም ነበር።

ወጣቱ የጋሽ ጌታሁንን ስም ጠየቀ። ከዚያ ሥራ። ቀያሽ አሉት። በየትኛው መሥሪያ ቤት ሲላቸው፣ «በሰፈራው ጊዜ። ያን ጊዜ የሠራሁትን ልናገር ነው የመጣሁት» አሉ። ልጁ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አያቸው። ከዚያ አነሣው።

ተናገሩ። ከኮረብታው እስከ ወንዙ፣ የትኛው ማሳ ታርሶ እንደነበር፣ የት ጎጆ እንደነበር፣ ማን ባዶ በል እንዳላቸው። የአለቃቸውንም ስም ጠሩ። የራሳቸውንም ስም አንድ ጊዜ ደግመው ተናገሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን ይሰማ ነበር። ልጁ ጣቱ እስኪደክም ጻፈ። ይህ ምን ያመጣል ብዬ ጠየቅኩት። «ለኃላፊዎቹ አቀርባለሁ። ከዚያ በላይ እኔም አላውቅም» አለኝ።

ጋሽ ጌታሁን ፈረሙ።

ሼህ ኢድሪስ አማርኛውን ሰምተውታል። ቢሆንም «አሁን በእኛ ቋንቋ ንገሪን» አሉኝ። ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ሐሊማ ስለ ማሳዋ ስደርስ ዓይኗን ጨፈነች።

ስንወጣ ፀሐዩ ከባድ ነበር። ወይዘሮ ብርሃኔ ከቴሌ እየተመለሱ ነበር፤ አዲስ አበባዎቹ ተነጋግረን እናሳውቃለን ብለዋቸዋል። ጋሽ ጌታሁንን ሊያባርሯቸው ይችላሉ። እኛንም ሊዘጉን ይችላሉ። ጋሽ ጌታሁን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁና ነገ ወፍጮው የሚተከልበትን ቦታ ለመለካት መሣሪያቸውን ሊያዘጋጁ ወደ ቢሯችን ሄዱ።

ሐሊማ ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። ጉልበቷ ስላመማት ነው። ተደግፋኝ እስከ መንገዱ ድረስ ሄድን፣ ቀስ ብለን።

«ነገ ሰውየው ሲመጣ መንገዱ ዳር ያለው መሬት ድንጋይ እንዳለው ንገሪው» አለችኝ። «ይወቀው።»