ቡድኑን እንዳይለቁ ልጆቻችንን አስገዝተው፣ ራሳቸው ለለቀቁት ሊቀመንበር

ደብረ ታቦር፣ ሐምሌ 1978 ዓ.ም.

ለክቡር ጓድ ደምሴ
የጮራ እግር ኳስ ቡድን የቀድሞ ሊቀመንበር፣ ባሕር ዳር የሚገኝ የአንድ ትልቅ ፋብሪካ የአሁን የስፖርት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

የጣና ነፋስ ተስማምቶዎት፣ የፋብሪካው መኖሪያ ቤት ጣሪያው ሳያፈስብዎ፣ ደመወዙም ሳይዘገይ እየደረሰዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ በደብረ ታቦር ክረምት፣ በጉምና በጭቃ መካከል፣ እርስዎን ከማጣታችን በስተቀር ደኅና ነን፤ እሱንም ቢሆን በማግስቱ ለምደነዋልና ሐሳብ አይግባዎ።

ጸሐፊዋ ወይዘሮ እቴነሽ ነኝ፤ ገበያ ዳር በርበሬና ጨው የምቸረችረው፣ የአጥቂው የፈንታሁን እናት። አባቴ መሪጌታ ስለነበሩ በልጅነቴ ዳዊት ያስደገሙኝን ሴት፣ እርስዎ የቀበሌው ኮታ ጎደለ ብለው ከመሃይማን ቆጥረው፣ "ከመሃይምነት ነጻ ወጣች" ብለው በጭብጨባ የምስክር ወረቀት ሸልመውኛል። ስለዚህ ዛሬ ብዕር ማንሳቴ የእርስዎ የልፋት ፍሬ ነውና እንኳን ደስ ያለዎ። ደግሞም ሂስና ግለ ሂስ የአብዮታዊ ሰው መታጠቢያው ነው እያሉ ስላስተማሩን፣ ደብዳቤዬን በክበቡ ሰሌዳ ላይ ለጥፌ ግልባጩን በአውቶቡስ ልኬልዎታለሁ። ጎረቤቴ ፈንታነሽ "ኧረ ተይ አንቺ ሴት፣ ያስሩሻል" ብላኝ ነበር። ሂስ ያስመክራል እንጂ አያሳስርም ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ መቼም ጓድ ደምሴ አይዋሹም አልኳት። ሂሱ እንግዲህ ከእኔ ነው፤ ግለ ሂሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ነገሬን በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ፤ ያለ ተራ ቁጥር የተነገረ ነገር ጆሮዎ እንደማይገባ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ፤ ባለፈው ጥቅምት የዚያ ፋብሪካ አሠልጣኝ እዚህ ድረስ መጥቶ፣ ከገሳይ ከተማ ቡድን ጋር የተደረገውን ግጥሚያ አይቶ፣ ልጄን ፈንታሁንንና የጨርቅ ነጋዴውን የኢብራሂምን ልጅ አብዱን መረጣቸው። ጠዋት ማሽን ላይ፣ ከሰዓት ሜዳ ላይ፣ በወሩ መጨረሻ ደመወዝ፣ ማደሪያም ከፋብሪካው። ጮራ ከግጥሚያ በኋላ የሚሰጣቸው አንድ ዳቦና አንድ ብርጭቆ ሻይ ነው፤ ሻይውም ስኳሩ የሚገባበት እርስዎ ሲኖሩ ብቻ ነበር። ቢሆንም ፈንታሁን ዘሎ እሺ አላለም። የመጀመሪያውን ጫማ ገበያተኛው አዋጥቶ የገዛለት ልጅ ነውና፣ ጥዬ ብሄድ ይህ ሕዝብ ምን ይለኛል፣ ብቀር ደግሞ እናቴ እስከ መቼ የጨው ጆንያ ትሸከማለች እያለ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልቀመሰም ማለት ይቻላል። እኔም ሂድም ቅርም ሳልለው፣ እንጀራው ሲደርቅበት እያየሁ ተውኩት፤ ራሱ ይወስን ብዬ ነው። እርስዎ ግን ልጁ ገና ሲመዝን ሚዛኑን ከእጁ ነጥቀው ወሰኑለት። ከማሰብ ስላሳረፉልኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ አዳራሹ ውስጥ ሕዝብ ሰብስበው፣ ሁለቱን ልጆች ፊት ለፊት አቁመው፣ ለሳንቲም ያደሩ ንዑስ ከበርቴዎች አሏቸው። ንዑስ ከበርቴ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ የልጄን ሱሪ ጉልበት ግን እኔ ነኝ የጣፍኩት። ቀጥለውም ክለብ እናት ነው፣ እናቱን የሚሸጥ ሰው የለም አሉ። ጉድ እኮ ነው! እናት የሆነ ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ እያለ ስለ እናትነት የተናገሩት እርስዎ ነበሩ። እናት ልጇ ሄዶ ቢጠግብላት እልል ትላለች፤ ከእኔ ጋር ተራብ ብላ በሩን የምትዘጋ እናት በጋይንት በኩልም በፎገራ በኩልም አልተወለደችም።

ሦስተኛ፤ ስብሰባው ልጆቹን አስፈራቸው እንጂ እንዳላሳመናቸው ባዩ ጊዜ፣ በታኅሣሥ በአንዱ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ እርስዎ ራስዎ፣ ያ ሃይማኖት የጭቁኖች ማደንዘዣ ነው እያሉ ያደነቆሩን ጓድ፣ ባርኔጣዎን ኪስዎ ከተው፣ ከሰው ነጠላ ተውሰው ደጀ ሰላሙ ላይ ብቅ አሉ። አለባበሱ ስለጠፋብዎ ነጠላውን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቀውት ኖሮ፣ አገሩ ሁሉ ማን ሞተ ብሎ ደነገጠ። ቄስ ሙላቴን ለደብሩ ጣሪያ ቆርቆሮ አስፈቅዳለሁ ብለው አባብለው፣ የቡድኑን ልጆች ከቅጽሩ በር አሰልፈው አስገዘቷቸው። "ለደመወዝ ብሎ ይህን ቡድን ትቶ ወደ ሌላ የሄደ፣ በጴጥሮስ በጳውሎስ ሥልጣን እንደ አርዮስ የተለየ ይሁን" ተባለ። በቄስ ሙላቴ እንኳ ብዙ አልፈርድም፤ ጃንጥላቸውን ይዘው ከሜዳው ዳር የማይታጡ የኳስ ወዳጅ ናቸውና፣ ፈንታሁን ከሚሄድባቸው መገዘቱን መረጡ። ቆርቆሮው ግን ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ።

ታዲያ በስብሰባ ሁሉ መጀመሪያ እጅ የሚያወጡት እርስዎ ስለሆኑ፣ ያ ልማድ ይዞዎት ከሰልፉ ራስ ላይ ቆመው፣ ግራ እጅዎን ጨብጠው ወደ ላይ አንስተው፣ ከልጆቹ ሁሉ በላይ ጮኸው "አሜን!" አሉ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ አባቶቻችን። እኔ ሳቄን በነጠላዬ ጫፍ አፍኜ ቆምኩ፤ ቄሱ ግን አልሳቁም፣ ትኩር ብለው አዩዎት።

አራተኛ፤ አብዱ። ሃይማኖት የለም ሲሉ የኖሩ ሰው፣ ሃይማኖት ሁለት መሆኑን ረሱት። አብዱ ከዚያ ሰልፍ አልነበረበትም፤ ማንም አላስገዘተውም፤ በማግስቱ አውቶቡስ ቢሳፈር የሚይዘው አልነበረም። አባቱ ኢብራሂምም፣ እናቱ ሐሊማም ሂድ ብለውታል። እሱ ግን ከፈንታሁን ጋር ተጠራሁ፣ ከፈንታሁን ጋር እሄዳለሁ ብሎ፣ እስከ ዛሬ በዚያ አፉን በከፈተ ጫማው በግራ መስመር ይሮጣል። ታማኝነት የሚሉት ነገር መልኩን ማየት ከፈለጉ እሱ ነው። ማንም ሳያስፈራራው፣ ማንም ሳያስምለው የቆየ ልጅ ዓይንዎ ሥር እያለ፣ እርስዎ ታማኝነትን በጉባኤና በግዝት ሲፈልጉ ከረሙ። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባላል፤ ለምን እንዳላመኗቸው ያወቅነው በኋላ ነው።

አምስተኛ፤ ግንቦት ሲገባ ያው ፋብሪካ፣ ልጆቹን የጠራው ያው ፋብሪካ፣ እርስዎን ከፍ ባለ ደመወዝ ከነመኖሪያ ቤቱ ጠራ። እኔ ሞኟ፣ አሁን እንግዲህ እኚህ ሰው እህል ሊያስጠላቸው ነው፣ ክለብ እናት ነው ብለው የለም ወይ፣ ብዬ ስንት ቀን ሊጨነቁ ነው እያልኩ ሳዝንልዎ ነበር። ልጄ ሳምንት የጾመበትን ነገር እርስዎ ከምሳ በፊት ጨርሰውት፣ ከሰዓት በኋላ አልጋዎን ሲያስጭኑ አየሁ። በስንብቱም ለደመወዝ ብዬ አይደለም፣ የሰፊው ሕዝብ ጥሪ ነው ብለው ዓይንዎን በመሐረብ አበሱ። እኛም አጨበጨብን፤ ያስለመዱን እርስዎ ነዎት። አሁን ደግሞ እዚያ ማንም ስለማያውቅዎ፣ የዲሲፕሊን ሰው ነኝ፣ ተጫዋች ሲከዳኝ አልወድም እያሉ ያስተምራሉ አሉ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ።

ስድስተኛ፤ አዲሱን የቡድኑን ኳስ ለማስታወሻ ይዘው ሄደዋል። ይመልሱት።

እነዚህን ሁሉ የዘረዘርኩት ቂም ይዞኝ ነው፤ አልዋሽም፣ ይዞኛል። ነገር ግን ከቂሜ የሚበልጥ ጉዳይ አለኝ። የፋብሪካው አሠልጣኝ፣ እግዚአብሔር ይስጠው፣ የሁለቱን ልጆች ቦታ እስከ ጳጉሜን ድረስ እንደሚጠብቅ፣ ከዚያ ወዲያ ግን ለሌላ እንደሚሰጠው ልኮብናል። ፈንታሁን መሄዱን አሁን ቆርጧል። ሕዝቡም ሂድ ብሎታል፤ ያንን ጫማ ያዋጡት ገበያተኞች ራሳቸው፣ የእኛ ልጅ በትልቅ ሜዳ ቢጫወት ኩራታችን ነው ብለውታል። ያሰረው የእርስዎ ግዝት ብቻ ነው። እንደ እርስዎ "አሜን" ብሎ መርሳት አያውቅበትም፤ ቆራቢ ልጅ ነው፤ ሌሊቱን ሲያሰላስለው ያድራል፣ ቀን ዓይኑ ከአውቶቡሱ ላይ አይነቀልም፣ እግሩን ግን አያነሳም። ቄስ ሙላቴ ደግሞ ያስገዘተው ሰው መጥቶ ይፈቱልኝ ካላለ አልፈታም ብለዋል። በሰው በሰው ደጋግሜ ላክሁብዎ፤ መልስዎ ሁልጊዜ "ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው" የሚል ነው። ማን ነው የሚያየው? እኔ ነኝ የማየው፣ ልጄ ዓይኔ ሥር ሲከስል!

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከከበደ ሥራዎ አንዲት እሑድ ቆርጠው መጥተው፣ ቄሱ ፊት ቆመው "ይፈቱልኝ" የምትል አንዲት ቃል እንዲተነፍሱ በታላቅ ትሕትና እለምንዎታለሁ። ንግግር አያስፈልግም፤ ሰውም አንሰበስብም።

ለዋሉልን ውለታ ሁሉ ብድርዎን የሚከፍል አምላክ፣ እሱን የለም ስለሚሉት ቅር ሳይለው፣ እንደ ሥራዎ አብዝቶ ይስጥዎ እያልኩ፣ እጅ ነስቼ፣ ወገቤን በጨው ጆንያ ጎብጬ የምሰናበትዎ፣

ከመሃይምነት ነጻ ያወጧት
እቴነሽ፣ የፈንታሁን እናት

ይድረስ ተጨማሪ፤ ደብዳቤው ከተለጠፈ በኋላ ቄስ ሙላቴ ጃንጥላቸውን እንደዘረጉ ቆመው ከራስ እስከ ግርጌ አነበቡት። በእሑዱ ልጆቹን ጠርተው፣ ያስገዘተው ራሱ ግዝቱን ጥሶ ሄዷል፣ የጣሰ ሰው ቃል ስጠብቅ አልኖርም ብለው፣ የመጡትን ሁሉ በመስቀላቸው ዳስሰው "እግዚአብሔር ይፍታችሁ" አሏቸው። ፈንታሁንና አብዱ ዛሬ ጠዋት አብረው ተሳፍረዋል፤ ይህን ግልባጭ የሚያደርሱልዎም እነሱ ናቸው፤ ከእንግዲህ የሚያዟቸው እርስዎ ነዎትና አደራ ደኅና አድርገው ይቀበሏቸው። ከዚያ ሰልፍ ሳይፈታ የቀረው እንግዲህ አንድ እርስዎ ብቻ ነዎት። ለመፈታት ሲመጡ፣ ይቅርታ ጠያቂ ድንጋይ ተሸክሞ እንደሚመጣ የአገርዎ ደንብ ነውና አይጠፋዎትም። ከባሕር ዳር ድረስ ተሸክመው አይልፉ፤ በዘመቻ እናስለቅማለን ብለው የፎከሩበት የሜዳችን ድንጋይ አንዱም ሳይነሳ እንዳለ ተቀምጧል፣ የሚመጥንዎትን መርጠው ያነሳሉ።